አኩራፊው ተራራና ጋሽ ሜትር

ሰው ስሙን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ቅጽል ስሙን ግን የሚያወጣለት ሰፈር ነው። ይሄን ሰውዬ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» አለው፤ እሱም ሳይግደረደር ተቀበለ። ምን ያድርግ? ከወገቡ ላይ የብረት ሜትር የማይለየው ሰው ነው። ሐኪም ቤት ሊታይ ሄዶ ሜትሬን አላወልቅም ብሎ ከነርሷ ጋር ተጨቃጭቋል ይባላል። አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ብትነግረው ቀልድ ይመስለዋል። በየቀኑ ተራራ ወጥቶ አንድ ስንጥቅ መለካት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በእሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። ከተራራው አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የብረት ችንካሮች ተተክለዋል። ጋሽ ሜትር ሁለት ሰዓት ዳገት ይወጣና የሜትሩን ጫፍ አንደኛው ችንካር ላይ ያስገባል፣ እስከ ሌላኛው ይስባል፣ ያነባል፣ ሦስት ጊዜ ይደግማል፣ በደብተሩ ጽፎ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተራራው ከውስጥ ሲነፋ ችንካሮቹ ይራራቃሉ፤ ካልተነፋ ባሉበት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደለም። የገዛ ልጁ የተወለደች ዕለት እንኳ መጀመሪያ ለክቶ፣ ወርዶ ነው ልጁን የሳማት። ባለቤቱ ይሄን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪዎች የተራራውን መሥሪያ ቤት ሊጎበኙ ሲመጡ የሚያስረዳው እሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «ዶክተሯ» የሚሏት ወጣት ሴት፣ መጀመሪያ ራሷ ታስረዳ ነበር፤ ልጆቹ ሲያዛጉባት ጊዜ ለእሱ ተወችው። ሦስት ድንጋይና አንድ ሳፋ ውኃ ያዘጋጃል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ልጆቼ፣ ተራራ እንደ ሰው ነው» ይላል። «ጠባዩ በደሙ ነው። አንደኛው ለፍላፊው ነው። ደሙ ቀጭን ስለሆነ ሆዱ ውስጥ ምንም አያስቀምጥም። የቀለጠው አለት እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ይፈሳል፣ ጋዙም በቀላሉ ይወጣለታል። እየፈሰሰ እየረጋ፣ እየፈሰሰ እየረጋ፣ ሰፊና ዝርግ ተራራ ይሆናል። ቤት ያቃጥላል፣ እርሻ ይበላል፤ ሰው ግን በእግሩ እየሄደ ያመልጠዋል።» ይሄኔ ጥቁሩን፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን ድንጋይ ያዞርላቸዋል።

«ሁለተኛው ግልፍተኛው ነው። ይሄ እንኳ ትንሽ ጉብታ ነው። ቱግ ይልና የጋለ ጠጠር ወደ ላይ ይረጫል፣ ጠጠሩ ዙሪያውን ይከመራል፣ ከዚያ ይወጣለታል። አብዛኛው አንድ ጊዜ ተቆጥቶ ዕድሜ ልኩን ዝም የሚል ነው።» ቀይ፣ ሻካራ ጠጠር ያሳያቸዋል።

«ሦስተኛው» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አኩራፊው ነው። ደሙ ወፍራም፣ እንደ ሊጥ ያለ ነው። አይፈስም። ጉሮሮው ላይ ይደርቅና ራሱን በራሱ ይወትፋል። ጋዙ መውጫ አጥቶ ከታች ይጠራቀማል። የለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቃችሁ በአውራ ጣታችሁ ብትደፍኑት ምን ይሆናል?» ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ይሄንንማ ሁሉም ሞክሮታል። «አዎ። አንድ ቀን ክዳኑ ይነሳል። የጋለ አመድና ጋዝ ተቀላቅሎ ቁልቁል ይነዳል፣ መኪና እንኳ አያመልጠውም። አንዳንዱማ ከኩርፊያው ብዛት ሆዱን ሙሉ በአንድ ጊዜ ተፍቶ ወደ ራሱ ውስጥ ይሰምጣል። ከዘመናት በኋላ ጉድጓዱ ሐይቅ ይሆንና ሰው ዳሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።» ሦስተኛውን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ነጭ ድንጋይ ሳፋው ውስጥ ይጥለዋል። ድንጋዩ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ይሳሳቃሉ።

«የኛስ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም።

«አኩራፊው።»

«ታዲያ ሲጮህ ነው የሚፈራው?»

«ሲጮህማ እየተነፈሰ ነው። ዝም ሲል ነው መፍራት።»

እንግዲህ ያውቃል ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ ሰውዬው አላዋቂ ነበር እንዳትሉ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ከስፌት ማሽኗ ጋር ትውላለች። ድሮ የታወቀች ግልፍተኛ ነበረች፤ ቱግ ብላ የልቧን ከተናገረች በኋላ «በል ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» የምትል ዓይነት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰከነች። ጋሽ ሜትር ከሥራ ሲገባ ከማሽኑ በስተግራ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ይልና ጫማውን እየፈታ «ደህና ዋልሽ?» ይላታል። ማሽኑ ይንጣጣል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። «ደህና፣ ደህና» ይላል ራሱ፣ ሁለተኛውን ጫማ እየጎተተ። በማግስቱ የተራራውን መግቢያ በር ለሚጠብቀው ዘበኛ ጉራውን ይነዛበታል።

«የእኔዋ እሳት እንኳ በረደች። ዕድሜ ደግ ነገር ነው።»

«ሚስት ዝም ስትል ባል ይተኛል» ይለዋል ዘበኛው። ሁለቱም ይስቃሉ።

ነገሩን ያበላሸው ጉልበት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ገና ዳገቱን ሳያጋምስ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍም አለ። እያነከሰ ተመልሶ ወደ ዘበኛው የቆርቆሮ ክፍል ገባ። ለዶክተሯ ቢነግራት ሌላ ሰው ትልክ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወሬ ይናፈሳል፤ ስንጥቁን በራሱ የሚለካ መሣሪያ ሊመጣ ነው ይባላል። ጋሽ ሜትር ጉልበቱ ከዳው ከተባለ ማን እሱን ይጠብቃል? ደግሞስ ያ ያልተቋረጠ መዝገብ! ዶክተሯ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣች የምታሳየው፣ «በዓለም ላይ ስንት እንዲህ ያለ አለ?» የምትልለት መዝገብ በጉልበት እብጠት ይቋረጥ? ሻዩን ፉት አለና ደብተሩን ባበጠው ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የትናንቱን ቁጥር ጻፈ። አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ።

ዘበኛው በትከሻው አሻግሮ አየ። «ሳትወጣ እንዴት አወቅከው?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ? በሳምንት አንድ ሚሊ ነው የሚሄደው። ከገዛ ጥርሴ በላይ አውቀዋለሁ።»

«ጥርስህማ ሦስቱ የሉም» አለ ዘበኛው።

በማግስቱም እንደ ትናንት። በሦስተኛውም ቀን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ቀን ሻዩን አስቀምጦ ነበር የጻፈው፣ በአምስተኛው ቀን ዳቦውን እየገመጠ ይጽፍ ጀመር። በሰባተኛው ቀን ለወጉ ያህል አንድ ሚሊ ጨመረበት። ጠዋት ጠዋት ባለቤቱ የቋጠረችለትን ስንቅ ይዞ ይወጣል፣ ዘበኛው ዘንድ ይቀመጣል፣ በሰዓቱ ይገባል። «ደህና ዋልሽ? ደህና።» አስራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለለትና በትር ተመርኩዞ ወጣ። ሜትሩን አጠለቀ፣ ሳበ፣ አነበበ። አንድ ሜትር ከአርባ ዘጠኝ ሴንቲ ከአራት ሚሊ። ተሳስቼ ነው አለ። ደገመ። ሰለሰ። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አራተኛ ለካ፣ ለተስፋ ያህል። ስንጥቁ በሰባት ሴንቲ ተከፍቷል፣ የወዲያኛው ችንካር ትንሽ አዘንብሏል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ተራራውን ሲያይ ጭስ የለም። ሁልጊዜ አፍንጫውን የሚሰነፍጠው የዲን ሽታ እንኳ የለም። ነፋሱ ንጹሕ ነው። «ዝም ብሏል» አለ ለራሱ። «ዝም ካለ ደህና ነው።» ለተማሪ ሲሆን የሚናገረውን ለራሱ ሲሆን ረሳው፤ ሰው እንዲህ ነው፣ ሌላውን የሚመክርበት አፍ ለራሱ ይደናቀፋል።

ሰባት ሴንቲ በአንድ ጊዜ ብጽፍ «የት ነበርክ?» እባላለሁ ብሎ አሰበ። እና ምን አደረገ? በቀን አንድ ሚሊ እየጨመርኩ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ አለ። አርባ ሁለት ከአራት ጻፈ። በሰባ ቀን ውስጥ ደብተሩ እውነቱ ላይ ይደርሳል፣ ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ሜትር ያን ሰሞን ሁለቱንም ሆነ። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ቀናትም ወጣ። ስንጥቁ ያው አርባ ዘጠኝ ከአራት ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ደብተሩ ላይ ግን አንድ ሚሊ፣ አንድ ሚሊ ሄደ። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አልወርድ አለው። ባለቤቱ ፊቱን አየት አድርጋ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

በዚያው ሰሞን መሬቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳህን እስኪንቀጫቀጭ ንዝር ብላ ስለነበር ከተማው ሰግቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በማግስቱ የከተማው ሹም ነዋሪውን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ ዶክተሯን አቆማት። ጥያቄው አንድ ነው፤ እንሽሽ ወይስ እንቆይ? ጋሽ ሜትር ከኋላ ተቀመጠ። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ይዛ፣ ቀኝ ጎኗን ወደ መድረኩ መልሳ ታዳምጣለች።

«ከተራራው የሚወጣው ጋዝ በግማሽ ቀንሷል» አለች ዶክተሯ ጠመኔ ይዛ። «ይሄ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ከታች ያለው ቅልጥ አለት እየቀዘቀዘ ነው፤ ተራራው ሊተኛ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ወትፎታል። ሁለቱን የሚለይልን ስንጥቁ ነው። አዲስ ነገር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ይከፈት ነበር። አልተከፈተም።» ደብተሩን ከፍ አድርጋ አሳየች። «መሣሪያ ይበላሻል። የኛም አንዱ መብረቅ መትቶት ቆሟል። ጋሽ ሜትር ግን ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አልጎደሉም። እኔ በዚህ ደብተር ነው የምምለው።»

ሰዉ አጨበጨበ። ጎኑ የነበረ ሰው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምን ያለ ጭብጨባ ነው ጌታዬ፣ ከጥፊ የሚያም።

«ስለዚህ ሰዉ ቤቱ ይቆይ፣ ትምህርት ቤቱም ሰኞ ይ—»

«ዶክተር» አለ ጋሽ ሜትር። ተነስቶ ቆሟል፣ መቼ እንደተነሳ ራሱም አላወቀም። «ደብተሩ ውሸት ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ትሕትና መስሏቸው ነው። እሱ ግን ቀጠለ። ጉልበቱን ተናገረ፣ አስራ አንዱን ቀን ተናገረ፣ አንድ ሚሊ እየጨመረ ሊደርስበት ማሰቡን ተናገረ። የዘበኛውን ስም ግን አላነሳም፤ ይሄንንስ አያስቀሩበት።

ዶክተሯ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ስንት ነው የተከፈተው?»

«ሰባት ሴንቲ።»

«በስንት ቀን?»

«አላውቅም። የሰረቅኩት እሱን ነው።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ቆሟል። ሦስት ቀን ለካሁት፣ ያው ነው። ሽታውም ጠፍቷል።»

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ወደ ሹሙ ዞር አለችና «ዛሬውኑ» አለች። «ስንጥቁ ባለበት በምሥራቅ በኩል ያለ ሰው አንድም ሳይቀር፣ ዛሬውኑ።»

አዳራሹ ታመሰ። «ይሄ ሽማግሌ ሊያስጨርሰን ነበር!» ያለው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ጋሽ ሜትርም ዞሮ አላየም፣ ሐቅ ነውና። ሰዉ ሲወጣ ዶክተሯ አጠገቡ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ሜትሩን ይስጡኝ።»

ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት።

«እኔ እኮ በዚህ ደብተር ምዬ ነበር» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ቤት ገብተው ዕቃ ሲሸክፉ ባለቤቱ ልብስ አጣጠፈች። እሱ የማሽኑን ራስ ከጠረጴዛው እየፈታ ነበር።

«አስራ አንድ ቀን ስንቅ ቋጥሬልሃለሁ» አለች።

«አዎ።»

«የት በላኸው?»

«ዘበኛው ዘንድ።»

«እኔ ደግሞ ዳገት ነው፣ ይርበዋል ብዬ ሁለት ሁለት እንቁላል እጨምር ነበር።»

«አንዱን ዘበኛው ነው የበላው» አለ። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

ከወንዙ ማዶ ባለች ሌላ ከተማ ሰፊ መጋዘን ተሰጣቸው። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተራራው ጭጭ። አሁን ደግሞ ሰዉ ሌላ ማጉረምረም ጀመረ፤ በአንድ አሮጌ ሰውዬ ኑዛዜ ከቤታችን ተነቀልን ይላሉ። አስቡት እንግዲህ። መጀመሪያ ደህና ነው ብሎ ዋሸ፣ ቀጥሎ ደህና አይደለም ብሎ እውነቱን ተናገረ፣ በሁለቱም ተረገመ። ጋሽ ሜትር መጋዘኑ ጥግ ተቀምጦ ባዶ ወገቡን ይዳብሳል። ተራራው እንዲፈነዳ አይመኝም፤ ካልፈነዳ ደግሞ ዳግመኛ ቀና ብሎ አይሄድም። የእንዲህ ያለ ሰው ጸሎት ምን ተብሎ እንደሚጀመር እንጃ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰዉ ደጅ የቧንቧ ውኃ ተራ ይዞ ሳለ ፈነዳ። ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የገባው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አንገቱን ወደ ተራራው መለሰ። ጥቁር ግራጫ ዓምድ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ጎኑ ተናደና የአመድ ደመናው ተራራውን ተደግፎ ቁልቁል ነዳ፤ በምሥራቁ ሰፈር ላይ፣ በቆርቆሮው ክፍል ላይ፣ በልብስ ሰፊዋ በር ላይ። ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አልሰጠም። ከዚያ በኋላ ሰፈር የሚባል ነገር አልታየም። ሰው ግን አንድም አልነበረበትም። የመጨረሻው ተፈናቃይ ዘበኛው ነበር፣ እሱም ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ከትናንት በስቲያ ገብቷል።

ሰዉ እያለቀሰ ይተቃቀፍ ጀመር። አንድ ሰው፣ ምናልባትም ያ አዳራሽ ውስጥ የጮኸው፣ መጥቶ የጋሽ ሜትርን እጅ ጨበጠ። እሱ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። አንድ ነገር አይቷል። ያ ፍንዳታ የጮኸ ጊዜ ሁሉም ወደ ተራራው ሲዞር፣ ባለቤቱ ብቻ ወደ ተቃራኒው ዞራለች። በስተቀኝ ወዳለው መንገድ፣ መኪና የተጋጨ ይመስል። ድምፅ ከየት እንደመጣ አላወቀችም።

ሃያ ስድስት ዓመት የለካ ሰው ነውና ለካ። በሰዉ ጫጫታ መሃል፣ በግራዋ በኩል ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመና «ሰማሽ?» አላት። እሷ ጭሱን ታያለች። አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሰማሽ ወይ?» ምንም። ክንዱ ክንዷን ሊነካ እስኪደርስ ቀርቦ ደገመው። ዓይኗ ከጭሱ አልተነቀለም። ያኔ ዞሮ በቀኟ መጣ።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?» አለች ዞር ብላ።

«ግራ ጆሮሽ አይሰማም።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት መቀነቷን አጠበቀች። «አይሰማም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት።»

ዓመት ሊሞላው ነው። ጋሽ ሜትር በልቡ ቀኖቹን ቆጠረ። ያቺን ዱካ አሰበ፣ ከማሽኑ በስተግራ ያለችውን። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር እኮ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «አፍህ ሲንቀሳቀስ አይሃለሁ። ልመልስልህ ማሽኑን አቁሜ ቀና ስል፣ አንተ መልሱን ለራስህ ሰጥተህ ጫማህን እየፈታህ ነው።»

አመዱ ወንዙን ተሻግሮ በስሱ መውረድ ጀመረ፤ ሰዉ ልብሱን እየሸፈነ ወደ መጋዘኑ ገባ። ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ። ጋሽ ሜትር እጁ እንደ ልማዱ ወደ ወገቡ ሄደ፣ ምንም አላገኘም። ባዶ ሳጥን ጎትቶ በቀኟ በኩል አስጠግቶ ተቀመጠ፣ ፊቷን እያየ።

«ደህና ነሽ?» አላት።

ከዚያም አፉን ዘግቶ ጠበቀ።